የመሰርሰሪያው ቁመት

ታርቱ ውስጥ መጋቢት፣ ብርዱ አልለቀቀም፤
ኤማዮጊ ወንዙ ከእንቅልፉ አልነቃም።
እኔ ሦስተኛው ፎቅ፣ ጓንቴን አጥልቄ፣
ከስብ የነፋሁትን አረፋ ጠብቄ፣
በሆዱ ያኖርኩት አረንጓዴ ቀለም
ይፈሳል እያልኩኝ... እስካሁን ግን የለም።

አምስት ብልቃጥ አለኝ፤ አምስት ወንድማማች፤
ፊደላቸው አንድ፣ የሚለያዩት በቁመት።
አሥራ አራት ዶቃ፣ አሥራ ሰባት ዶቃ፣
ሃያ አንድ፣ ሃያ አራት፣ ሃያ ስምንት ዶቃ።
አሚኖ አሲድ ነው ዶቃው፤ ክሩ የተጠማዘዘ፤
ባንድ ጎኑ ስብ ወዳጅ፣ ባንዱ ውሃ የያዘ።

አሥራ አራት ገባ።
ገባ ማለት ይበዛበታል፤ ደጃፉ ላይ ጋደም አለ፤
ስቡን ዳበሰ፣ ስቡን ሳመ፤ ወዲያ ማዶ መች ዘለለ?
ቀለሙ አልፈሰሰም። መሣሪያው ዝም አለ፤
መስመሩ ስክሪኑ ላይ እንደ ሙት ተጋድሞ ዋለ።
ጨመርኩለት። እጥፍ። የእጥፍ እጥፍ።
ሺህ አጭር ቢደመር አንድ ረጅም አይወጣው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ፔይፕሲ ሐይቅ ላይ፣ ከሙስትቬ ደጃፍ፣
አባቴ ካልዩ ዓሣ ሊያጠምድ፣ እኔም ላግዘው ስጣደፍ፣
ለልጅ የሚሆን መሰርሰሪያ፣ ክንዴን የሚያክል ሰጠኝ፤
አዞርኩት፣ አዞርኩት። ላቤ አፍንጫዬ ላይ በረደኝ።
ነጭ ዱቄት ወጣ፣ ከዚያ ግራጫ፤
ውሃ ግን የለም፤ እንባዬ ብቻ።
ሰባት ጉድጓድ ጀመርኩ፤ ሰባቱም መንገድ ላይ ቀሩ።
አባቴ መጣና በስንዝሩ ለካ፤
«ክንድሽ አልሰነፈም፣ ኡርቬ፤ ብረቱ ነው ከበረዶው ያነሰ፤
ሰባት ግማሽ ጉድጓድ አንድ ዓሣ አያወጣም» አለና ጢሙን አበሰ።

አሥራ ሰባት፦ ጥቂት። እንደ ሹክሹክታ።
ሃያ አንድ ግን ቆመ።
ሦስት ናኖሜትር ስብ፣ ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ፣
ራሱ ከውጭ፣ እግሩ ከውስጥ፣ መሃሉን ለስቡ ሰጥቶ፣
ወንድሞቹን ጠርቶ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ
ክብ ሠራ፤ ከመሃላቸው በር።
መስመሩ ተነሣ! ሽቅብ፣ ሽቅብ፣ ሽቅብ፤
ታቪ ከጎረቤት ወንበር «ምን ሆንሽ?» አለ፤
ለካ ጮኬያለሁ።
በማግሥቱ ሳህኑ ላይ የባክቴሪያው ግራጫ ምንጣፍ
እንደ ብል የበላው ጨርቅ ተበሳስቶ አገኘሁት።

እንግዲህ ረጅሙማ ይበልጣላ!
ብለን ሃያ ስምንትን አነሣን፤ እኔም አልኩ፣ ታቪም አለ።
ከደም ባንክ የመጣ ደም ነበር፤ የማን እንደሆነ አልተጻፈበትም፤
ጠብታ ጨመርኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።
ጠዋት፣ ከላይ ሊጠራ የሚገባው ውሃ
ቀልቶ ጠበቀኝ።

ኤንዴልን አስታወስኩ፣ ጎረቤታችንን፤ በመሰርሰሪያ የማይረካውን፤
በመጋዝ በር የሚያክል ጉድጓድ ቆርጦ፣ ትልቅ ዓሣ አውጥቶ፣
መንደሩን እየዞረ ያሳየውን።
ሌሊት በረዶ ዘነበ፤ ጉድጓዱን ነጭ ሸፈነው፤
ጎሕ ሳይቀድ የገባበት የገዛ ውሻው ነው።
ቀዳዳ ዘመድ አይመርጥም።

ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ «ሃያ አንድ። ለዚህ ስብ፣ በዚህ ውፍረት።»
ከሥሩ በእርሳስ፦ «ስቡ ቢሳሳስ? አጭሩ ይበቃው ይሆን?»
ቱቦዎቹን አጠብኩ። እጄ ክሎሪን ክሎሪን ሸተተ።

ማታ አባቴ ጋ ደወልኩ። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፤
ሥራዬን ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም አልነግረውም።
«በረዶው ስንት ደረሰ?»
«አርባ ሴንቲ። ከሥሩ ግን መሟሟት ጀምሯል።»
«መሰርሰሪያህስ?»
ዝም አለ። ስልኩ ውስጥ ምድጃው ሲንጣጣ ሰማሁ፤
ተነሥቶ ብረቱን በስንዝሩ ሲለካው ታየኝ።
«ለዛሬ ይበቃል» አለ።